ብርድ የተከሰሰበት ሞት፦ በደብረ ማርቆስ አንድ ቤት የወርቃማ ዓሣ የጉዳይ ጥናት

በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ቤት ከሦስት ወርቃማ ዓሦች ሁለቱ ሞተው ሦስተኛዋ ስታጣጥር ነበር የተጠራሁት። የቤቱ ሰዎች ገዳዩን አስቀድመው ለይተውታል፤ ብርዱ ነው። ከጮቄ አናት ወርዶ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ከተማዋን የሚያቆፈንነው ብርድ ሰውን እንኳ ጋቢ ያስደርባል፤ ታዲያ አንዲት ትንሽ ዓሣ እንዴት ትችለዋለች? ክሱ አሳማኝ ነበር። ምርመራው ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ብርዱ የዓሦቹ ወዳጅ ነበር። የገደላቸው የጠበበ ዕቃና በዓይን የማይታይ የገዛ ራሳቸው ቆሻሻ ነው፤ ከብርድ ያድናቸዋል ተብሎ የተገዛው ማሞቂያ ደግሞ ገዳዩን አበረታው።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። በጎጃም የዚህ ሙያ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ከላም፣ ከበሬ፣ ከበግና ከዶሮ ጋር ነው። ወርቃማ ዓሣን ግን በቤቴ ለዓመታት ስላኖርሁት ጎረቤት ሲቸገር ወደ እኔ ይልካል። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ዓሣ የሚቀመጥበት ክብ ብርጭቆ በየሳሎኑ እየበዛ መምጣቱን፣ በውስጡም ተመሳሳይ ሞት መደጋገሙን ስለማይ ነው። ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅዷል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ዓሦቹ እንዴት መጡ፣ እንዴትስ ሞቱ

ያመጣቸው አዲስ አበባ የሚኖር አጎት ነው። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቱ ልጅ በፈተና ጎበዝ ስለሆነች ሽልማት ብሎ በኅዳር መጨረሻ ይዞላት መጣ። ሦስቱም ክብ ሰውነትና ድርብ ጅራት ያላቸው፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ ነበሩ። ዕቃው 8 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ሆዱ ሰፊ አፉ ጠባብ ብርጭቆ ነው። ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀመጠ።

ቤተሰቡ ግዴለሽ እንዳልነበረ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። እናትየዋ ንጽሕና የሚወዱ ሴት ናቸው። ውኃው ደፍረስ ሲል ሙሉ በሙሉ ይደፉታል፤ ብርጭቆውንና በውስጡ ያለውን ጠጠር በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፈትገው ያጥባሉ፤ ከቧንቧ ቀድተው ይሞላሉ። ልጅቱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ስታጠና፣ ከመተኛቷም በፊት ታበላቸዋለች። ከእሽጉ ምግብ ሌላ የእንጀራ ፍርፋሪም ይቀመስላቸው ነበር። ሁሉም በፍቅር የተደረገ ነው፤ ሁሉም ግን ወደ ጉዳት አመራ።

የመጀመሪያዋ ዓሣ በታኅሣሥ አጋማሽ ሞተች። ከመሞቷ በፊት ሁለት ቀን ያህል ከውኃው ገጽ ላይ አፏን እየከፈተች ትዘጋ እንደነበር ልጅቱ ታስታውሳለች። «በርዷት ነው» ተባለ፤ ብርጭቆው ቀን ቀን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ተዛወረ፤ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአዲስ አበባ ተላከ። ለትልቅ ገንዳ የተሠራ ስለነበር ያችን ትንሽ ውኃ በፍጥነት አሞቃት።

ገና ደረሰ። ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። እንግዳ ሁሉ ዓሦቹን ማየት ይፈልጋል፤ ያየ ሁሉ ደግሞ መቁረስ ይፈልጋል። ድፎ ዳቦው፣ ፈንዲሻው፣ ልጆች ያመጡት ብስኩት ወደ ውኃው ገባ። በማግስቱ ውኃው ነጣ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛዋ ዓሣ በጎኗ ተንሳፈፈች።

የመጨረሻዋን እንድመለከት የተጠራሁት በዚያ ሳምንት ነው። እናትየዋ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ «ዶክተር፣ ይህ የማርቆስ ብርድ ፈጀብን እኮ። ማሞቂያ ገዝተን እንኳ አልተመለሰልንም» አሉኝ። ልጅቱ ከኋላቸው ቆማ ዓይኗ ቀልቷል።

ምርመራው

ዓሣዋ ከውኃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትተነፍሳለች። የጀርባ ክንፏ ተጣጥፎ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቋል፤ በጅራቷ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም መስመሮች ይታያሉ። ቆዳዋ ላይ ቁስልም ሆነ ነጭ ነጥብ የለም። የጉንጮቿ ክዳን በጣም ቶሎ ቶሎ ይከፈታል። ምግብ ሲጣልላት አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚህ በኋላ ፊቴን ወደ ውኃው አዞርሁ። በዓሣ ሕክምና ውስጥ ውኃውን ሳይለኩ መድኃኒት ማዘዝ የላሚቱን ሙቀት ሳይለኩ መርፌ እንደ መውጋት ነው። ቴርሞሜትሩ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አነበበ። በጠብታ የሚሠራው መለኪያ ለአሞኒያ ከፍተኛውን ቀለም ሰጠ፤ መጠኑ ዜሮ መሆን ሲገባው ማለት ነው። ናይትራይት ግን ምንም አልተገኘም፤ ናይትሬትም እንዲሁ። የአሲድነት (ፒኤች) መለኪያው ወደ 8 ተጠጋ።

ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ አሞኒያው ብቻ አልነበረም፤ የናይትራይቱና የናይትሬቱ አለመኖር ጭምር ነው። ምክንያቱን ማብራራት ያስፈልጋል። ዓሣ በአብዛኛው በስንጥቦቿ በኩል አሞኒያ ታስወጣለች። የሚበሰብስ ምግብና ኩስም አሞኒያ ይሆናል። በሐይቅ ወይም በሰፊ ገንዳ ውስጥ በድንጋዩ፣ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ እርሱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ሲጠራቀም ካልሆነ በቀር ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በዚህ ቤት ውስጥ ናይትራይት ጨርሶ አለመኖሩ ባክቴሪያዎቹ ገና አንደኛውን እርምጃ እንኳ እንዳልጀመሩ ይመሰክራል። በየሳምንቱ ጠጠሩ በሳሙና ሲፈተግ፣ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ በቀጥታ ሲሞላበት፣ ጥቂት የተራቡት እንኳ ተጠርገው ይሄዱ ነበር። ማጣሪያ የሚባል ነገርም ብርጭቆው አልነበረውም።

ስለዚህ ሦስት ዓሦች በ8 ሊትር ውኃ ውስጥ የገዛ ቆሻሻቸውን ሲተነፍሱ ከረሙ። ወርቃማ ዓሣ ደግሞ ብዙ የምትበላ፣ ብዙም የምትጥል ናት። ለአንዲት ድርብ ጅራት ዓሣ ቢያንስ 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዷ ተጨማሪ 40 ሊትር ያህል ማሰብ ተገቢ ነው። ሰውነታቸው ረዘም ያለው፣ ነጠላ ጅራት ያላቸው ዝርያዎች ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድጉ ስለሚችሉ ቦታቸው የግቢ ኩሬ ነው። በአግባቡ የተያዘች ወርቃማ ዓሣ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች። በብርጭቆ ውስጥ በሁለት ወር የሞተችው «ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ» አይደለም።

ብርዱ ነጻ የወጣበት ምክንያት

ወርቃማ ዓሣ ከሺህ ዓመት በፊት በቻይና ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ዘመዶች ተመርጣ የተራባች ፍጥረት ናት። የሞቃት ባሕር ዓሣ አይደለችም። ነጠላ ጅራቶቹ ላዩ በረዶ በሠራ ኩሬ ሥር ክረምቱን ያሳልፋሉ። ለድርብ ጅራቶቹ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ያለው ውኃ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለውጡ ዝግ ያለ እስከሆነ ድረስ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ማለቱም አይገድላቸውም። በደብረ ማርቆስ ሳሎን ውስጥ ያለ ውኃ በጥር ሌሊት 16 ወይም 17 ዲግሪ ቢደርስ ዓሣዋ እንቅስቃሴዋን ትቀንሳለች፣ ምግቧን ትቀንሳለች፤ ይኸው ነው። ሌላው ዓለም ውኃ ለማቀዝቀዝ ገንዘብ ያወጣል፤ ለጎጃም ደጋ ግን አየሩ ራሱ በነጻ ሰጥቶታል።

ማሞቂያው ያደረሰውን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 17 ዲግሪ ያለው ውኃ በከተማችን በአንድ ሊትር 7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 28 ዲግሪ ሲሆን 6 እንኳ አይሞላም። በዚያው ላይ የዓሣዋ አካል ሲሞቅ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ደግሞ አሞኒያው ነው፤ ውኃ ውስጥ ካለው አሞኒያ እጅግ መርዛማው ከፊሉ ብቻ ነው፦ በተመሳሳይ የአሲድነት መጠን ውኃው ከ17 ወደ 28 ዲግሪ ሲሞቅ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የብርጭቆው አፍ ጠባብ መሆኑ አየር የሚገባበትን ገጽ አጠበበው። ዓሣዋ ወደ ላይ ወጥታ የምታጣጥረው በርዷት አልነበረም፤ ታፍናና ተመርዛ ነው።

ይህን ለእናትየዋ ሳስረዳ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ፣ «ታዲያ እኛ ነን እያሞቅን የገደልናቸው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ማንም ያልነገራችሁን ነገር ከየት ታውቁታላችሁ? ዕቃውንና ዓሦቹን የሸጠው ሰው ነበር መናገር የነበረበት» አልኋቸው። ይህን ለማጽናናት ብዬ አላልሁትም። ነፍስ ያለውን ነገር ሸጦ እንዴት እንደሚኖር አለመንገር ከባድ በደል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ማሞቂያውን በአንድ ጊዜ አልነቀልንም፤ ከ28 ዲግሪ በድንገት ወደ 17 መውረድ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። መቆጣጠሪያውን በየጊዜው ጥቂት ዲግሪ እየቀነስን በሁለት ቀን ውስጥ ከክፍሉ ሙቀት ጋር አገናኘነው። በዚያኑ ሰዓት ከብርጭቆው ውኃ ግማሹን በጎማ ቱቦ ስበን አወጣን፤ ግቢ ውስጥ ካለው ሮቶ የተቀዳ፣ ሙቀቱ የተስተካከለ ውኃ ቀስ እያልን ጨመርን። የከተማው ቧንቧ በየቀኑ ስለማይመጣ አብዛኛው ቤት ሮቶ አለው፤ ይህ ለዓሣ አሳዳጊ የተሰወረ በረከት ነው፤ ለቀናት ተጠራቅሞ የቆየ ውኃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ተንኖ ይጠብቃል። በዕለቱ ከቧንቧ የተቀዳ ከሆነ አፉ በሰፋ ዕቃ፣ ቢቻል አየር እየተነፋበት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማሳደር ይገባል። ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚያገኝ ሰው ክሎሪኑን ወዲያውኑ ሊያጠፋው ይችላል።

በማግስቱ ዓሣዋ ሳሙና ነክቶት ወደማያውቅ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ተዛወረች። ሳፋው ለዓይን አያምርም፤ ልጅቱም ቅር ብሏት ነበር። ነገር ግን 50 ሊትር ውኃ ይይዛል፣ ገጹም ሰፊ ነው። ትንሽ የአየር ፓምፕ አረፋ ከሚበትነው ድንጋዩ ጋር ገባበት። ለሦስት ቀን ምንም አልበላችም፤ እኔው ነኝ የከለከልሁት። ለቤቱ ሰዎች ከሁሉ ትእዛዝ የከበዳቸው ይህ ነበር። እንግዳን ጦም ማሳደር ነውር በሆነበት አገር፣ የታመመችን ፍጥረት ምግብ መከልከል ጭካኔ ይመስላል። የማትበላ ዓሣ ግን አሞኒያዋ ይቀንሳል፤ ለቀናት አለመብላትም አይጎዳትም።

በአራተኛው ቀን የጀርባ ክንፏ ተዘርግቶ አየሁት። ልጅቱ ከእኔ በፊት አይታው ስለነበር ስልክ ደውላ ነግራኛለች።

ገንዳው

አጎትየው ገንዳ ከአዲስ አበባ ልላክ ብሎ ነበር። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ መስታወት ማጓጓዝ አስፈሪ ስለሆነ እዚሁ ከተማ ውስጥ በር መስኮት የሚሠራ የአሉሚኒየምና የመስታወት ባለሙያ ዘንድ ሄድን። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከ8 ሚሊ ሜትር መስታወት የሚሠራ ገንዳ አዘዝን። 35 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲሞላ 140 ሊትር ይይዛል፤ ለሁለት ድርብ ጅራት ዓሦች በቂ ነው።

ባለሙያው እጁ የሰላ ነው፤ ሲሊኮኑ ላይ ግን ተከራከርን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት የተጨመረበት ሲሊኮን ለዓሣ መርዝ ነው። ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ሲሊኮን ተፈልጎ ተገኘ። ከተጣበቀ በኋላ የኮምጣጤ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ከሳምንት በላይ ሳይነካ ቆየ፤ ከዚያም ውኃ ተሞልቶ ግቢ ውስጥ እንዲያድር ተደረገ፤ አላንጠባጠበም።

ክብደቱን ማንም አላሰበበትም ነበር። 140 ሊትር ውኃ 140 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከ180 ኪሎ ይበልጣል። ቡፌው ይህን አይሸከምም። ብረት በያጁ ከማዕዘን ብረት መቆሚያ ሠራ፤ በውኃ ልክ ተስተካከለ፤ ከገንዳው ሥር ስስ ስፖንጅ ተነጠፈ። የተቀመጠበት ቦታም ከመስኮቱ የራቀ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ነው፤ ፀሐይ ውኃውን በአልጌ ታለብሰዋለች፣ ሙቀቱንም ከቀን ወደ ሌሊት ታዋዥቀዋለች።

ማጣሪያውን በተመለከተ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነበር፦ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ያውም ሁለት። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠገን ነው፤ መብራት ሲጠፋም ከተዘጉ ማጣሪያዎች የተሻለ ነው። ውኃ የማይዘዋወርበት የተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራሉ፤ ገንዳው ውስጥ ተገልጦ የተቀመጠ ስፖንጅ ግን ዙሪያውን ውኃ ስላለው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከዚህ ጋር ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በደንብ ታጥቦ ከታች ተደረደረ። ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት የሚፈላ ድንጋይ ካለ የኖራነት ባሕርይ ስላለው የውኃውን ጠባይ ይለውጣል፤ እርሱን አስወገድን።

መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን ልጅቱ በቃሏ ይዛዋለች። ምግብ አይሰጥም። ረዘም ካለ ከገንዳው በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ውኃውን አየር ያስገባዋል። ገንዳው ሰፊ፣ ዓሣዋ አንድ ስለሆነች ጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አሳሳቢ አይደለም፤ የቦታ ስፋት የሚያስገኘው ዋነኛ ጥቅም ይህ የጊዜ ፋታ ነው።

መጠበቅ

ዓሣዋ በየካቲት ወደ አዲሱ ገንዳ ገባች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራው አለቀ ብሎ ያስባል። አላለቀም፤ ገንዳው አዲስ ነው፤ ባክቴሪያ የለውም። ልጅቱ ደብተር ያዘች። በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ትለካለች፤ አሞኒያ ሲታይ ከውኃው ሩቡን፣ ማለትም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት የማይሞላ ትቀይራለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይቱ ብቅ አለ። ቤቱ ደነገጠ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው።

ናይትራይት በስንጥብ በኩል ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ክሎራይድ መግቢያውን ስለሚሻማው ለዚህ የሚበጀው ተራ ጨው ነው፦ ለአንድ ሊትር አንድ ግራም፣ ለዚህ ገንዳ 140 ግራም። በውኃ ተሟሙቶ በሁለት ቀን ተከፋፍሎ ገባ። አዮዲን ያለበት ጨው ዓሣ ይገድላል የሚል ወሬ ስለሚናፈስ እናትየዋ ፈርተው ነበር፤ በገበታ ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ለዚህ የሚበቃ አይደለም። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ ውኃ ሲቀየር የሚጨመረው የወጣውን ውኃ ድርሻ ያህል ብቻ ነው።

በቀዝቃዛ ውኃ ባክቴሪያዎቹ ዝግ ብለው ነው የሚራቡት፤ ሁለቱም መለኪያዎች ዜሮ ሆነው የጸኑት ሚያዝያ ላይ ነው። ስፖንጁ ሲቆሽሽ በቧንቧ ሥር አይታጠብም፤ ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጨመቃል። ሳሙና ከዚያ ቤት የዓሣ ዕቃ ዳግመኛ አልነካም።

ምግብን በተመለከተ ወርቃማ ዓሣ ጨጓራ እንደሌላት ማወቅ ይበቃል፤ የበላችው በቀጥታ ወደ አንጀት ያልፋል። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የምትጨርሰው ብቻ። ዳቦና እንጀራ ውኃ ውስጥ ያብጣሉ፣ ይበሰብሳሉ። ይልቅ የጎጃም ጓዳ የማያጣው አተር አለ፦ ያለ ጨውና ያለ ዘይት እስኪለሰልስ ተቀቅሎ፣ ልጣጩ ተገፎ፣ በጣት ተፈርፍሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሰጣታል። ክብ ሰውነት ያላቸው ዝርያዎች ሆዳቸው ሲደርቅ ሚዛናቸውን እየሳቱ ይንሳፈፋሉና አተሩ መድኃኒትም ነው።

በፋሲካ ቤተሰቡ ለሳምንት ገጠር ወረደ። ጎረቤት እንዲያበላ አልተደረገም፤ የአየር ፓምፑ መሥራቱን እያየ እንዲመለስ ብቻ ነው የተነገረው። ጤነኛ ዓሣ ሳምንት ሳትበላ ትሰነብታለች።

ለወንዝ እንስጣት

ይህ በመካከል የተነሣ ጉዳይ ነው፤ ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። በጥር፣ ዓሣዋ ገና ሳፋ ውስጥ ሳለች፣ የቤቱ አያት በርኅራኄ፣ «ነፍስ ናት፤ ለጨሞጋ እንስጣትና በወንዟ ትኑር» ብለው ነበር። ሌላ ዘመድ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ጣና ላይ ልልቀቃት አለ።

«እማማ፣ ለእሷ ያዘኑትን ያህል በወንዙ ላሉትም ይዘኑላቸው» ብዬ ለመንኋቸው። ጨሞጋ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ጣና ደግሞ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥሎ በመቆየቱ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከደርዘን በላይ ላቤዮባርባስ የተባሉ የዓሣ ዝርያዎች የበቀሉበት ሐይቅ ነው፤ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከውጭ የገባው እምቦጭ ይህን ሐይቅ ምን እንዳደረገው የጎጃም ሰው አይነገረውም። ወርቃማ ዓሣ ብርድ የምትችል፣ የውኃውን ወለል እየቆፈረች የምታደፈርስ፣ የሌላውን ዓሣ ዕንቁላል የምትበላ ናት፤ በሽታም ይዛ ልትገባ ትችላለች። መያዝ የከበደው ሰው ለሌላ አሳዳጊ ይስጥ እንጂ ወንዝም ሐይቅም ላይ አይልቀቅ። አያትየዋ ሰሙኝ፤ ዘመድየውንም የገሠጹት እርሳቸው ናቸው።

ሁለተኛዋ ዓሣ

ወርቃማ ዓሣ ከወገኗ ጋር ስትሆን ደስ ይላታል፤ ገንዳውም ሁለት ይችላል። በግንቦት አጎትየው አንዲት ድርብ ጅራት ገዛ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው የበረሃ ሙቀት ነው። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን እንዳትበላ፣ ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛው ኦክስጅን እንዲሆን፣ ሙቀት በማያስገባ የፎም ሣጥን ውስጥ እንድትቀመጥ በስልክ አደራ አልሁ። አጎትየው አደራውን አንድ በአንድ ፈጸመ።

ስትደርስ ከረጢቱ ሳይከፈት ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሙቀቱ እንዲቀራረብ ተደረገ፤ ከተከፈተ በኋላ ግን መቆየት አያስፈልግም። በመንገድ ላይ ዓሣዋ ያስወጣችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው የተጠራቀመው አሞኒያ ጉዳቱ ዝቅተኛ ሆኖ ይቆያል፤ ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማነቱ ይመለሳል። ዓሣዋን በመረብ አውጥቶ ማዛወር፣ የከረጢቱንም ውኃ መድፋት ነው።

የገባችው ገንዳው ውስጥ ሳይሆን ያ የቀድሞው ሳፋ ውስጥ፣ በሌላ ክፍል ነው። ልጅቱ ለምን አንድ ወር ያህል ተለይታ እንደምትቆይ ጠይቃኝ ነበር፤ መልሱ በሁለተኛው ሳምንት በዓሣዋ ገላና ጅራት ላይ የጨው ቅንጣት በሚያህሉ ነጭ ነጥቦች ተጻፈ። ወንድ ወርቃማ ዓሣ በመራቢያ ወቅት በጉንጩ ክዳንና በፊት ክንፎቹ ላይ ነጭ ነጥብ ያወጣል፤ ያ በሽታ አይደለም። ይህ ግን በሰውነቷ ሁሉ ተበትኗል፣ ዓሣዋም ገላዋን ከሳፋው ጋር ታሻሽ ነበር፤ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ጨው በአንድ ሊትር 3 ግራም እስኪደርስ ቀስ በቀስ ተጨመረ፤ በየቀኑ ከሳፋው ሥር ያለው ዝቃጭ በቱቦ ተሳበ። በቀዝቃዛ ውኃ የተሕዋሱ የሕይወት ዑደት ስለሚረዝም ነጥቦቹ ከጠፉ በኋላም ሕክምናው እስከ ሦስት ሳምንት ቀጠለ። አዲሲቱን በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ጨምረናት ቢሆን ኖሮ የዳነችውንም ጭምር እናክም ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ሁለቱ ተገናኙ። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር እናትየዋ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ ቢጠቀሙ ጠየቁኝ፤ አልደገፍሁትም። የቆርቆሮው ዚንክ ዓሣ ይጎዳል፤ የዝናብ ውኃም ማዕድን ስለሌለው የአሲድነት መጠኑ በቀላሉ ይናጋል። ቧንቧው ደፍርሶ በሚመጣበት ሳምንት የሮቶው ውኃ እስኪጠል ተጠብቆ ይቀየራል፤ የክሎሪን ሽታው ከበረታ ደግሞ አንድ ቀን ተጨምሮ በበርሜል ያድራል።

በነሐሴ መጨረሻ የልጅቱ ደብተር አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 20፣ ሙቀት 18 ዲግሪ ይላል። ከሞት የተረፈችው ዓሣ ርዝመቷ እጥፍ ሊሆን ተቃርቧል። አጎትየው ለእንቁጣጣሽ ሦስተኛ ዓሣ ላምጣ ብሎ ደውሎ ነበር፤ እናትየዋ ገንዳው የተሠራው ለሁለት መሆኑን ነግረውት፣ በምትኩ ሊያልቅ የደረሰውን የአሞኒያ መለኪያ ጠብታ እንዲገዛ አዘዙት።